የቦርከና ሸለቆ ፍል ውሃ፦ ለሙቀቱ አምስት ኮከብ፣ ለአያያዙ ሁለት

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርዱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ፍል ውሃ የሚወጣባቸው ቦታዎች አሉ። ዛሬ የምገመግመው ከነሱ በአንዱ ላይ የተሠራውን መታጠቢያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ሠራተኞቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ እንጀራቸውን መዝጋት አልፈልግም።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ውሃው አንደኛ ነው። ጉልበትና ወገብ ለሚያመው፣ ረጅም መንገድ ነድቶ ትከሻው ለደነደነ ሰው አይቆጭም። የግል ክፍል ለአንድ ሰዓት 200 ብር ነው። የጋራው ገንዳ ከዚያ በብዙ ይረክሳል። ፎጣ፣ ሳሙናና ነጠላ ጫማ ከቤት ያዙ። ቅዳሜና እሑድ አትሂዱ፣ ሰልፉ አይጣል ነው። በቃ፣ ለቸኮለው ይኸው።

ጊዜ ያለው ይቀመጥ።

ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው። ከቆቦ ጊራና ሜዳ እስከ ጨፋ፣ እስከዚሁ የቦርከና ሸለቆ ሜዳ ድረስ፣ ሪግ (የመቆፈሪያ ማሽን) እየተከተልኩ ነው የኖርኩት። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው አንድ ነገር በእጁ ያውቃል፤ መሬት ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ይሞቃል። ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ፓምፕ ተነስቶ ውሃው መውጣት ሲጀምር እጃችሁን ብትዘረጉ ለብ ያለ ነው። አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ፓምፑ ያሞቀው ይመስላቸዋል። ፓምፑ አይደለም። በአብዛኛው ዓለም አንድ ኪሎ ሜትር ወደ ታች ሲወረድ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል። 200 ሜትር ላይ ያለ ውሃ ከላይኛው አምስት ስድስት ዲግሪ ቢበልጥ አይገርምም። በዚህ ሥራ ምክንያት ቴርሞሜትር ከቦርሳዬ አይጠፋም። ፍል ውሃ ቤት ስገባም ከሳሙናው በፊት የሚወጣው እሱ ነው። አክስቴ በዚህ ታፍራለች።

አክስቴን የማመጣት ለጉልበቷ ነው። ቤቷ ደሴ ነው፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ጉልበቷ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ሐረጎን ቁልቁል ስንወርድ ጋቢዋን ታወልቃለች፣ ኮምቦልቻን ስናልፍ ሹራቧን። ፍል ውሃው ዘንድ ስንደርስ ገና ሳትታጠብ ግማሽ ተሽሏታል።

ወደ ክፍሉ ልግባ። በሩ የብረት ነው፤ መወርወሪያው ከተሰበረ ቆይቷል። ሠራተኛዋ ሽቦ ትሰጣችኋለች፣ ከውስጥ ታስራላችሁ። "አብሽሩ፣ ማንም አይመጣም" ትላለች። እውነትም ማንም አልመጣም። ግን አክስቴ ውሃው ውስጥ ሆና ዓይኗ ከሽቦው አልተነሳም። ከሰው 200 ብር የሚቀበል ቤት አንድ መወርወሪያ መግዛት እንዴት ያቅተዋል?

ልብስ መስቀያ የለም። አንድ ሚስማር አለ፣ እሱም ዝጓል። ነጭ ነጠላ ከሰቀላችሁበት ቡኒ ምልክት ይዞ ይወርዳል። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ያዳልጣል። ደንበኛው በአብዛኛው ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌና አሮጊት ሆኖ ሳለ ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት የለም። ገንዳው በሁለት ደንበኛ መካከል ውሃው ይለቀቃል እንጂ አይፈገፈግም። እኛ በብሩሽ ራሳችን ፈግፍገን ነው የገባነው። ብሩሹ ከቤት የመጣ ነው።

የውሃው ቧንቧ ግን ይታይልኝ። አፉ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበታል። በጥፍሬ አንስቼ አየሁት። ድርብርብ ነው፤ አንዱ ንብርብር ነጭ፣ ቀጣዩ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ከዚያ እንደገና ነጭ። ሠራተኛዋ "ጨው ነው" አለችኝ። አክስቴ ለሻይዋ የያዘችውን ሎሚ ጠብ አደረግሁበት። ወዲያው ተንሸዋሸወና አረፋ አወጣ። ጨው እንደዚያ አያደርግም። ኖራ ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት። ውሃው ጥልቅ ቦታ ላይ ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በግፊት ሟሙቶበት ይቆያል። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ይላላል፣ ጋዙ ያመልጣል፣ ኖራው ደግሞ ሟሙቶ መቆየት ያቅተውና ያገኘው ላይ ይለጠፋል። ወለሉ ላይ ከእግራችሁ ሥር የሚሻክራችሁም እሱ ነው። ለኃላፊዎቹ በነፃ የምሰጠው ምክር፦ በየጊዜው በኮምጣጤ ይለቃል። ከተተወ ቧንቧው እየጠበበ ይሄድና አንድ ቀን ውሃው ቀነሰ ብላችሁ ትጮኻላችሁ።

ሙቀቱ። የቧንቧው አፍ ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ ነው፣ እጅ አያስቆምም። ቀዝቃዛ ውሃ የሚያመጣ ሌላ ቧንቧ ስላለ በራሳችሁ ልክ ትቀላቅላላችሁ። የጋራው ገንዳ ውስጥ ግን የሚቀላቅልላችሁ የለም። ግንቦት ላይ ስለካው 42 ነበር። ለሙቅ ገንዳ በተለምዶ እንደ ጣሪያ የሚቆጠረው 40 ነው። ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሐኪም ሳትጠይቅ አትግባ። ጤነኛውም ቢሆን ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። አንድ ወጠምሻ "እኔ እችለዋለሁ" ብሎ ሲዘፈዘፍ ቆይቶ፣ ሲወጣ ዞረበትና ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ጓደኞቹ ሳቁ እንጂ የደገፈው የለም። ደጁ ላይ አንድ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ቢለጠፍ ምን ነበረበት?

ደግሞ ውሃውን የሚጠጡ አሉ፣ ለሆድ ይጠቅማል ብለው። ተዉት። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለ ሙቅ ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ከበዛ ጥርስ ያበላሻል፣ እየዋለ ሲያድር አጥንትም ይነካል። ያልተመረመረ ፍል ውሃ ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም።

አሁን ወደ ወሬው። ትኬት የሚቆርጡት ሸበቶ አባት ናቸው፤ ጨዋታ አዋቂ። ከአገልግሎቱ ሁሉ አንደኛው እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ለገባ ደንበኛ ሁሉ የሚሉት አላቸው። "ይሄ አገር የሚሞቀው ከሥሩ እሳት ስላለ ነው። አሁን ዓለሙ ሁሉ የሞቀውም እሳቱ ወደ ላይ እየቀረበ ስለመጣ ነው።" ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ይሄን ነገር ከሳቸው ብቻ አይደለም የሰማሁት፤ ደሴም አለ፣ ፌስቡክም ላይ አለ። ስለዚህ ለሳቸው ያልኩትን እዚህም ልበለው።

"አባባ፣ ጨፋ የሚሞቀው ዝቅ ስላለ ነው" አልኳቸው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ይሄ ሸለቆ ከሷ በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ያንሳል። አንድ ሺህ ሜትር ወደ ታች ሲወረድ አየሩ በአማካይ ስድስት ሰባት ዲግሪ ይሞቃል። የአክስቴ ጋቢና ሹራብ የሚወልቁት በዚህ ሒሳብ ነው። ከሥሩ ፍል ውሃ የሌለበት ቆላም እኩል ይሞቃል።

ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ሙቀት በጠቅላላው ሲታይ ትንሽ አይደለም። ወደ 47 ትሪሊየን ዋት ይገመታል። የሰው ልጅ በሙሉ ከሚጠቀምበት ኃይል ከእጥፍ በላይ ነው። ግማሽ ያህሉ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም እዚያ ውስጥ ሲፈራርሱ የሚለቁት ነው። የቀረው መሬት ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ስትሠራ የያዘችው የጥንት ሙቀት ነው። ነገር ግን ይሄ ሁሉ በምድር ገጽ ላይ ሲከፋፈል ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 0.09 ዋት ገደማ ብቻ ነው። 200 ካሬ ቦታ ያለው ሰው ከቦታው ሥር የሚያገኘው ሁለት ኤልኢዲ አምፖል ቢያበራለት ነው። ፀሐይስ? ቀንና ሌሊቱ፣ ዋልታና ወገቡ ተደምሮ ሲካፈል ምድር ከፀሐይ የምትውጠው በካሬ ሜትር 240 ዋት ገደማ ነው። ከ2,500 እጥፍ በላይ።

የዓለም መሞቅ የሚሉትን ደግሞ እዩት። ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ በማቃጠላችን አየሩ ላይ የተከማቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚይዝ፣ ምድር አሁን ከምታወጣው በላይ የምታስገባው ትርፍ በካሬ ሜትር አንድ ዋት ገደማ ነው። ይቺ አንዲት ዋት ራሷ ከሥር ከሚመጣው ሙቀት አሥር እጥፍ ትበልጣለች። የሥሩ ሙቀት ደግሞ በአያት ዘመንና በልጅ ልጅ ዘመን መካከል ዘሎ የሚጨምር ነገር አይደለም። እሱ የሚንቀሳቀሰው በሚሊዮን ዓመት ነው።

አባባ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "እሺ የኔ ልጅ፣ ሁለት አምፖል ከሆነ ታዲያ ይሄ ውሃ በምን ፈላ?" አሉኝ። ወረፋ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ወላሂ፣ ብዙ የተማረ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ ነው።

መልሱ ውሃው ራሱ ወደ ሙቀቱ ስለሚሄድ ነው። ድንጋይ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቀስ ብሎ ነው፤ ለዚህ ነው ላይ ላዩ ላይ የማይሰማን። ውሃ ግን ስንጥቅ ካገኘ ይወርዳል፣ ይሞቃል፣ በሌላ ስንጥቅ ተመልሶ ሳይቀዘቅዝ ይወጣል። በቀድሞ ጊዜ ፍል ውሃ ከቀለጠ ዓለት የሚወጣ አዲስ ውሃ ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 ሃርሞን ክሬግ የተባለ ሳይንቲስት በውሃ ውስጥ ያሉ ከባድ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ዓይነቶች የዝናብ ምልክት የሆነ ቋሚ ዝምድና እንዳላቸው አሳየ። በዚህ መንገድ ሲመረመር አብዛኛው የዓለም ፍል ውሃ የዝናብ ውሃ ሆኖ ተገኘ። እዚህ የምንታጠብበትም የጎፍ ተራራና በዙሪያው ባለው ሸንተረር ላይ የዘነበ ነው ማለት ነው። የትናንቱ አይደለም። እንዲህ ያለ ውሃ ወርዶ እስኪመለስ አሥርት ዓመታት ወይም ከዚያ በጣም የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል።

ስንጥቁ ከየት መጣ? የቦርከና ሸለቆ ወንዝ ብቻውን የቦረቦረው አይደለም። የወሎ ደጋና አፋር ሲለያዩ በመካከላቸው የሰመጠ መሬት ነው። ግራና ቀኙ የተሰበረ ነው። ስብራቱ ዛሬም እየሠራ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ካራ ቆሬና ማጀቴ አካባቢ በርእደ መሬት ተመትተው ነበር፤ ማጀቴ ፈርሳለች። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ያወሩታል። ወደ አፋር በተጠጋችሁ ቁጥር ደግሞ የመሬት ቅርፊት፣ ማለትም የላይኛው ደረቅ ዓለት፣ ይሳሳል። በደጋው ሥር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወፍረው፣ ደናክል ላይ ወደ 16 ይወርዳል። ሙቀቱ ቅርብ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። ዝናብ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢወርድ እንኳ ከ50 ዲግሪ በላይ ጨምሮ ይመለሳል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። የሥሩ እሳት ሁለት አምፖል ነው አልን። የምንኖርበትን የአየር ንብረትና የምንጠብቀውን ዝናብ ከሥር የሠራው ግን እሱ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እዚህ አገር መሬት ተሰንጥቆ የቀለጠ ድንጋይ ጎረፈ። አንዱ በአንዱ ላይ እየተነጠፈ ቦታ ቦታ ላይ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ወፈረ። የወሎን ገደል ከሩቅ ያየ ሰው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ያየዋል። እያንዳንዱ ደረጃ የአንድ ጊዜ ጎርፍ ነው። ከደሴ ወደ ወረኢሉ ስትሄዱ የሚያንቀጠቅጣችሁ ጉጉፍቱም ከዚያ በኋላ የመጣ ያረጀ እሳተ ገሞራ ነው። እሳት የሠራው ብርድ አገር! ከሥር ያለው ሙቅ ዓለት ደግሞ አገሩን ሁሉ ወደ ላይ ገፋው።

ተራራ ባይኖር የወሎ ክረምት አይኖርም ነበር፤ ቢያንስ እንደዚህ አይሆንም ነበር። ክረምት ላይ ከአትላንቲክና ከኮንጎ በኩል የሚመጣው እርጥበት ደጋው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ይዘንባል። የበልጉ ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል መጥቶ ይህንኑ ግድግዳ ነው የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ሞዴል የምሥራቅ አፍሪካን ከፍታ ዝቅ አድርገው ሞከሩት። እርጥበቱ እንደ ልቡ አለፈ፣ አካባቢውም ከዛሬው ይበልጥ እርጥብ ሆነ። ተራራው ሲነሳ ደጋው ዝናቡን ያዘ፣ ቆላው ደረቀ። እንግዲህ የደሴ ጭጋግና የአፋር ሐሩር ከአንድ እሳት የወጡ ናቸው።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ዝናብ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርድና ባዛልቱን፣ ያ የጎረፈው የቀለጠ ድንጋይ ረግቶ የሆነውን ጥቁር ድንጋይ፣ ይበላዋል። የጨፋ ጥቁር አፈር፣ ማሽላው የሚበቅልበት ዋልካ፣ እንደዚያ የተበላ ድንጋይ ነው። በዚህ መንገድ ድንጋዩ በረጅም ዘመን ካርቦን ከአየር ይቀንሳል፣ እሳተ ገሞራው መልሶ ያስገባል። ሲሞቅ ድንጋዩ በፍጥነት ይበላል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ምድር በሚሊዮን ዓመት ውስጥ ፈጽማ ያልተቃጠለችውም ሆነ ለዘላለም ያልበረደችው በዚህ ሚዛን ነው ይላሉ። አሁን የቸገረን ሚዛኑ አዝጋሚ መሆኑ ነው። እኛ በዓመት የምናወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳተ ገሞራዎች በሙሉ ከሚያወጡት መቶ እጥፍ ገደማ ነው። ድንጋይ በዚህ ፍጥነት አይበላም።

ታጥበን ወጥተን ደጅ ካለችው ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሻይዋ ቅመም አላት፣ ጢብኛውም ትኩስ ነው። ከመታጠቢያ ቤቱ ይልቅ ሻይ ቤቷ ንጹሕ ናት፤ ለሷ ሙሉ አምስት። የተወራው ስለ ሃይሊ ጉቢ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የፈነዳው እሳተ ገሞራ ነው። አመዱ አፍዴራ አካባቢ መንደሮች ላይ ወረደ፣ ደመናው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም እስከ ሕንድ ደረሰ። አንዱ ሹፌር "ታዲያ እሱ ነው ዓለሙን የሚያሞቀው" አለ።

ነገሩ ግልባጩ ነው። ትልቅ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ዓለምን የሚያቀዘቅዝ ነው። የሚያቀዘቅዘው አመዱ ሳይሆን ሰልፈሩ ነው። ከፍ ብሎ ከወጣ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል። የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በ1991 ፈንድቶ የዓለምን አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ለጊዜው አወረደ። ሃይሊ ጉቢ ያን ያህል ሰልፈር አልነበረውም።

ለሹፌሩ የነገርኩት ግን ላኪ ስለሚባለው የአይስላንድ እሳተ ገሞራ ነው፤ ምክንያቱም የኛ ነገር አለበት። ላኪ እ.ኤ.አ. በ1783 ሰኔ ላይ ተሰንጥቆ ስምንት ወር ተፋ። ወደ 120 ሚሊዮን ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እንደለቀቀ ይገመታል። የሰሜኑ ዓለም አብዛኛው ክፍል ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው የሙቀት ወቅቱ ቀዘቀዘ። የክረምት ዝናብ ወደኛ የሚሳበው የሰሜኑ የብስ ከባሕሩ ይበልጥ ስለሚሞቅ ነው። የብሱ ካልሞቀ ሳቢው ይደክማል። በዚያ ዓመት ዓባይ ቀነሰ፣ ግብፅ ውስጥ ረሃብ ገባ። ዓባይ ቀነሰ ማለት እኛ ጋ ክረምት ቀነሰ ማለት ነው። አይስላንድ ላይ የተከፈተ የመሬት ሆድ፣ የኢትዮጵያን ደጋ ዝናብ ነጠቀ። ሹፌሩ ስኒውን አስቀምጦ "እንዴ!" አለ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ግንኙነቱ በሌላውም በኩል ይሠራል። የበረዶ ዘመን ሲያበቃ አይስላንድን የተጫነው በረዶ ቀለጠ፣ ሸክሙ ሲነሳ ከሥር ያለው ዓለት ይበልጥ ቀለጠ፣ እሳተ ገሞራውም በብዙ እጥፍ ጨመረ። ከላይ ያለው አየር የታችኛውን እሳት ቀሰቀሰው ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ያመጣሁት ዋናው ቅሬታዬ እንዲገባችሁ ነው። ቅሬታዬ የበሩ ሽቦ አይደለም። የጋራው ገንዳ ቧንቧ መዝጊያ የለውም። ሰው ኖረ አልኖረ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይፈሳል። ከነሙቀቱ፣ ከነሳሙናው በቦይ አድርጎ ወደ ወንዝ ይገባል። ለአባባ ባነሳላቸው "የአላህ ስጦታ ነው፣ አያልቅም" አሉኝ። ሙቀቱ በኛ ዕድሜ አያልቅም፤ በዚህ አልከራከራቸውም። ውሃው ግን ዝናብ ነው። ዝናብ እንደሚቀር ወሎ አይነገረውም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ያሳለፈ አገር ነው።

ማስረጃውም እዚያው ገንዳ ውስጥ አለ። ግንቦት ላይ 42 ያነበብኩት ገንዳ ነሐሴ ላይ 39 ነበር። ሠራተኛዋም "ክረምት ሲሆን በዛ ይላል፣ ለስለስ ይላል" ብላኛለች። መሬት ከውስጥ በሦስት ወር አይቀዘቅዝም። ክረምቱ ሲገባ ቅርብ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ መንገድ ላይ ይቀላቀልበታል። ይሄ ፍል ውሃ ከላይኛው ሰማይ ጋር ዝምድናው የቀጥታ ነው ማለት ነው። ከላይ ያለው ተዳፋት ተመንጥሮ ዝናቡ ሳይሰርግ በጎርፍ ከወረደ፣ እየቆየ የሚጎዳው ይሄው ቧንቧ ነው።

ባለቤቶቹ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ወጪ የለውም። ገንዳው ላይ መዝጊያ ይግጠሙ። የሚወጣውን ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያብርዱት፤ ጨዋማነቱ ተመርምሮ ከፈቀደ ለችግኝ ይሆናል። ከትኬቱ ጥቂት ቀንሰው ከላይ ላለው ሸንተረር እርከንና ችግኝ ያውሉት። የአካባቢው ገበሬ እርከን መሥራት ከማንም አይማርም፤ የሚፈልገው የቀን አበሉን ነው። ይሄን ለኃላፊው ነግሬዋለሁ። "ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ በጽሑፍ አቅርበው" አለኝ። አቀረብኩ። እስካሁን መልስ የለም፣ መወርወሪያውም አልተገጠመም።

ኮከቡን ልስጥ። ሙቀቱ አምስት። መስተንግዶው አራት፣ በአባባ ምክንያት። ንጽሕናው ሁለት። ውሃ አያያዙ አንድ ይገባው ነበር፣ ቀዝቃዛው ቧንቧ በደንብ ስለሚሠራ ሁለት አደረግሁት።

ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ወደ ሐርቡና ከሚሴ የሚሄድ ሚኒባስ ሁሌም አለ። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለው ኮረኮንች ነው፣ በባጃጅ ትገባላችሁ። ጠዋት ገና ሳይሞቅ ድረሱ፣ ገንዳውም ያኔ ንጹሕ ነው። ባጃጆቹ መመለሻ ላይ ዋጋ ይቆልላሉና ሲያወርዷችሁ ከወዲሁ ተስማሙ። ሽቦውን ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠምዝዙት።